ድሬዳዋ ውስጥ ስንት ቤተሰብ አለ? የመረጃን ትርጉም የማስታረቅ ቴክኖሎጂ ወዴት እያመራ ነው

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ገንደ ቆሬ ያለ አንድ ግቢ እንውሰድ። ባልና ሚስት፣ ሁለት ትንንሽ ልጆቻቸው፣ ሥራ ፈልጎ ያላገኘ የ22 ዓመት ልጃቸው፣ ከገጠር መጥታ እየተማረች አብራቸው የምትኖር የሚስትየው የእህት ልጅ፣ በጓሮ ባለችው ክፍል ደግሞ የራሳቸውን ድስት የሚጥዱ አያት። ይህ ግቢ ስንት ቤተሰብ ነው?

መልሱ እንደ ጠያቂው ይለያያል። የስታቲስቲክስ ቆጣሪ በአንድ ቤት እየኖሩ ምግባቸውን በጋራ የሚያበስሉትን አንድ ብሎ ስለሚቆጥር አያትን ለብቻቸው ያወጣቸዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በመደበኛው መዋጮ የሚይዘው ባልን፣ ሚስትንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸውን ነው፤ የ22 ዓመቱ ጎልማሳ ከዚያ ውጭ ይቀራል፣ የእህት ልጅም ጥያቄ ታስነሳለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ድሬዳዋንና ሐረርን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ደግሞ ድጋፉን የሚሰጠው ለቤተሰብ በመሆኑ፣ ማን ከማን ጋር አንድ ኑሮ እንደሚገፋ የሰፈር ኮሚቴ ተቀምጦ መመስከር ነበረበት። ኮሚቴ ደግሞ ጎረቤት ነው፤ አያትን ከልጃቸው ለይቶ መጻፍ ሊከብደው ይችላል።

ሦስቱም ፋይሎች ውስጥ «ቤተሰብ» የሚል ዓምድ አለ። አንድ ቀን ከላይ ትእዛዝ ይመጣና «መረጃችሁን አቀናጁ» ይባላል። ፋይሎቹ ሲገጣጠሙ ቁጥሩ አልገጥም ይላል። በየቢሮው የሚሰማው የመጀመሪያ ምላሽ የታወቀ ነው፦ ዳታው ቆሻሻ ነው፣ ይጽዳ። ግን ከሦስቱ አንዱም ቆሻሻ አይደለም። ሁሉም የተሠራበትን ዓላማ በትክክል ያገለግላል። አንዱን በሌላው ልክ «ብናጸዳው» ወይ መድኑ አባል ያጣል፣ ወይ ድጋፉ ሰው ይዘላል።

ባለሙያዎች ይህን የመረጃ ትርጉም ልዩነት ይሉታል። ቢያንስ ለ40 ዓመታት የኮምፒውተር ሳይንስ ሲታገለው የኖረ ችግር ነው። አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣና «ይህ ነገር አለቀለት» የሚል ወሬ በየስብሰባው ይሰማል። የኔ ግምት ከዚህ ይለያል። የማመሳሰሉ ሥራ በእርግጥ ርካሽ ይሆናል፤ ርካሽ መሆንም ጀምሯል። ውድ የሚሆነው መረጃው ሲመዘገብ ሳይጻፍ የቀረው ነገርና ማሽኑ ያመሳሰለውን የማረጋገጡ ሥራ ነው። ድሬዳዋና ሐረር ደግሞ ይህ ወጪ ቀድሞ የሚታይባቸው ከተሞች ናቸው፤ ብዙ ቋንቋ፣ ብዙ የዘመን አቆጣጠርና ብዙ አስተዳደር እዚህ ይገናኛሉና።

በመጀመሪያ የተፈታውን ካልተፈታው እንለይ። የኮምፒውተር አማርኛን የድሮ ዘመን የሚያስታውስ ሰው፣ በአንድ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ሲከፈት የምልክት ክምር ብቻ ይታይ እንደነበር ያውቃል። እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በ3.0 ሥሪቱ የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቁጥር ተቆረጠለት፤ ሁሉም እስኪከተለው ዓመታት ቢወስድም ጉዳዩ ተዘጋ። ይህ የቅርጽ ስምምነት ነው። «ሀ» ስለ ምን እንደሚያወራ አይጠይቅም።

ከቅርጽ አንድ ደረጃ ከፍ ስንል ስም እናገኛለን፤ እዚህ ላይ ድሬ ለየት ትላለች። በከተማዋ አንድ ዓይነት የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ሁለት የላቲን አጻጻፎች ይኖራሉ። «ሲ» የሚባለው የላቲን ፊደል በኦሮምኛ ቁቤ «ጨ» ነው፤ በሶማሊኛ ደግሞ «ዐ»። ስለዚህ ጫልቱና ዐብዲ በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። «ኤክስ» በኦሮምኛ «ጠ»፣ በሶማሊኛ «ሐ» ይሆናል። ሐሰን የሚባል ሰው በሶማሊኛ የትምህርት ማስረጃው ላይ በኤክስ፣ በፓስፖርቱ ላይ በኤች ይጻፋል፤ በአማርኛው የቀበሌ መዝገብ ደግሞ እንደ ጸሐፊው በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ ወይም በራብዑ ሃ ሊሆን ይችላል። ስሞችን በድምፅ ለማመሳሰል አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1918 የፈጠራ መብት ያገኘው ሳውንዴክስ የተባለ ዘዴ እስከ ዛሬ በብዙ ዳታቤዞች ውስጥ አብሮ ይመጣል። ዘዴው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ስለሚይዝ በኤክስ የተጻፈውን ሐሰን በኤች ከተጻፈው ጋር በፍጹም አያገናኘውም። የአባትና የአያት ስም በ«ቤተሰብ ስም» ሳጥን ውስጥ መዘበራረቁን ብንጨምርበትማ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ይህ ደረጃ ግን በመፈታት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ፌሌጊና ሰንተር የተባሉ ሁለት ስታቲስቲሺያኖች፣ ሁለት መዝገቦች የአንድ ሰው የመሆናቸውን ዕድል በቁጥር የማስላት መንገድ አበጁ፤ የዛሬዎቹ ሶፍትዌሮችም በብዛት የሚቆሙት በዚያው ላይ ነው። ፋይዳ ሲስፋፋ ደግሞ ጥያቄው ከነጭራሹ ይቀልላል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር። ፋይዳ ግን ሐሰን ሐሰን መሆኑን እንጂ የማን ቤተሰብ አባል እንደሆነና ከየት መጥቶ እንደታከመ አይነግረንም። መታወቂያ የማንነትን ጥያቄ ይመልሳል፤ የትርጉም ጥያቄ እንዳለ ይቀራል።

ከስም ይልቅ የሚከፋው ቀን ነው። 12/05/2016 የሚል የልደት ቀን ያለበት ፋይል ከፊታችን አለ እንበል። በኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥር 12 ቀን 2016 ነው፤ ወደ ፈረንጁ ሲመለስ ጃንዋሪ 21፣ 2024። በፈረንጅ ከተጻፈ ሜይ 12፣ 2016 ነው። ጻፊው ወር ማስቀደም የለመደ ከሆነ ዲሴምበር 5፣ 2016። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ንባብ መካከል ከሰባት ዓመት ተኩል የሚበልጥ ጊዜ አለ፤ አንዷ ልጅ ክትባት የምትጠብቅ ሕፃን፣ ሌላዋ ትምህርት ቤት የገባች ተማሪ ናት። ሕግ እንኳ ከዚህ አያመልጥም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በአማርኛው 1284/2015፣ በእንግሊዝኛው 1284/2023 ይባላል። በአንድ ጋዜጣ ላይ ጎን ለጎን ስለታተሙ ለአንባቢ ችግር የለውም፤ ቁጥሩን ብቻ ለሚያነብ ማሽን ግን ሁለት አዋጆች ናቸው።

ሐረር ላይ ሦስተኛ አቆጣጠር ይጨመራል። በጁገል ውስጥ በሸሪፍ ሙዚየምና በሌሎች ስብስቦች የሚገኙት የእጅ ጽሑፎች ቀናቸው በሂጅራ ነው። የጨለንቆ ጦርነት በአንዱ ምንጭ 1879፣ በሌላው 1887፣ በሦስተኛው 1304 ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ሦስቱም ልክ ናቸው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ፣ ወሩ ያልተጻፈ የሂጅራ ዓመት ወደ ፈረንጁ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመቶች ላይ ይንጠለጠላል። ዊኪዳታ፣ ማለትም የዊኪፔዲያ የመረጃ ቋት፣ ቀንን የሚቀበለው በግሪጎርያን ወይም በጁሊያን ብቻ ነው። ስለዚህ የሐረርን ቅርስ ወደ ዓለም መዝገብ የሚያስገባ ሰው በመግቢያው በር ላይ አንድ ነገር ይጥላል፦ ምንጩ በመጀመሪያ ምን ብሎ እንደነበር።

እስካሁን የተሞከሩት መድኃኒቶች ምን ሆኑ? እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካዊው ዳግላስ ሌናት ሳይክ የሚባል ፕሮጀክት ጀመረ። ሐሳቡ ደፋር ነበር፤ የሰው ልጅ «ሁሉም የሚያውቀውን» ነገር በሙሉ በእጅ እየጻፉ ለማሽን ማስተማር። ሌናት እ.ኤ.አ. በ2023 ሲሞት ሥራው ገና ይቀጥል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የዌብ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር፣ ማሽኖች የገጾችን ትርጉም የሚረዱበት «የትርጉም ዌብ» እንደሚመጣ አበሰረ። ቋንቋዎቹ ተሠሩ፣ ደረጃ ወጣላቸው፤ ብዙኃኑ ድረ ገጽ ግን አልተከተለም። ትርጉም መጻፍ ሥራ ነው፤ ለጻፈው ደግሞ ማንም አልከፈለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ያሁ አብረው ያወጡት ስኪማ የተባለ ቀለል ያለ የቃላት ስብስብ ግን ተስፋፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገጹን በዚያ መንገድ ያሰናዳ ሆቴል ወይም ሱቅ በፍለጋ ውጤት ላይ ጎልቶ ይታያል። ጥቅም ሲታይ ሰው ይጽፋል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚወራበት መድረክ ስሙ የማይነሳው የጉምሩክ ኮድ ነው። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሸቀጥ አመዳደብ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ከ200 በላይ አገሮችና የጉምሩክ ግዛቶች ይጠቀሙበታል። ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ላይ ዲክላራሲዮን የሚሞላ ትራንዚተር ያልተቆላና ካፌይኑ ያልወጣ ቡናን 0901.11 ብሎ ሲጽፍ፣ ጅቡቲ ያለውም ሐምቡርግ ያለውም ያንኑ ይረዳል። ብልሃቱ ያለው ድንበሩ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች የሁሉም ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር እንደፈለገ ይቆርጠዋል። ሥርዓቱ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይከለሳል፣ ክርክር ሲነሳም የሚፈርድ ኮሚቴ አለው። ለስኬቱ ከሶፍትዌር ይልቅ ይህ ኮሚቴ ዋጋ አለው እላለሁ።

እርግጥ ሥርዓቱ የማን ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ እንደቀረበም ያሳያል። የላቲን አሜሪካው የኮካ ቅጠል በስድስት አሃዝ ደረጃ የራሱ ቁጥር አለው፣ 1211.30። የምሥራቁ ኢኮኖሚ የሚዘወርበት ጫት ግን የለውም፤ ከሌሎች ዕፀዋት ጋር ተደባልቆ ይገባል፣ ለይቶ የማውጣቱ ዕዳም በየአገሩ የውስጥ አሃዝ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሁለት አገሮችን የጫት ንግድ ለማነጻጸር የሚሞክር ተመራማሪ ገና ከመጀመሩ ይደናቀፋል።

አሁን ወደ አዲሱ እንግዳ እንምጣ። የቋንቋ ሞዴሎች ቃላትንና ሐረጎችን ወደ ረጅም የቁጥር ሰንሰለት ይለውጣሉ፤ በአጠቃቀማቸው የሚቀራረቡ ቃላት ቁጥራቸውም ይቀራረባል። በዚህ መንገድ «የእናት ስም» የሚል ዓምድ በሌላ ፋይል በእንግሊዝኛ አሕጽሮት ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ይገምታሉ። ቀድሞ አንድ ባለሙያ ሳምንታት ቁጭ ብሎ የሚያወጣውን የማመሳሰያ ሠንጠረዥ ረቂቅ በደቂቃዎች ያቀርባሉ። መመሪያ ሰነድ ያነባሉ፣ የመለወጫ ኮድ ይጽፋሉ፣ ለምን እንዳመሳሰሉም ያብራራሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የዳታ ኢንኮደሮቻችን ዕድሜ በኤክሴል ላይ እንዴት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው ይህን አቅም ሊንቀው አይገባም።

ችግሩ የሚጀምረው ማሽኑ የጎደለውን ነገር አሳምሮ ሲሞላው ነው። ያንን 12/05/2016 ስጡት። በአብዛኛው የተማረው ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነውና ቀኑን ወደ ፈረንጁ ሊጎትተው ይችላል። «የኢትዮጵያ መረጃ ነው» ብትሉት ደግሞ ሁሉንም ወደ ኛ ሊገለብጠው ይችላል፤ በውጭ ድርጅት ፎርም ላይ የተሞሉትን ጭምር። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ይጽፋል። እዚህ ላይ ማሽኑን መውቀስ አያዋጣም፤ መዝገቡ ላይ ያልተጻፈውን ከየት ያምጣው? የተሻለ ሞዴል ቢመጣም ተመሳሳይ ፋይሎችን አይቶ የተሻለ ግምት ይገምት ይሆናል እንጂ፣ ያ ጸሐፊ በዚያች ዕለት በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፈ አያውቅም።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። ማሽኑ 10,000 ጥንድ መዝገቦችን አመሳሰለ፣ 97 በመቶውም ልክ ነው እንበል። ጥሩ ውጤት ነው። የቀሩት 300 ስሕተቶች ግን የት እንዳሉ አይታወቅም፤ እነሱን ለማግኘት ሰው 10,000ውን ማየት ወይም በናሙና መርካት አለበት። ስሕተቱ የገበያ ዝርዝር ላይ ከሆነ በናሙና መርካት ይቻላል። የአንዱ የደም ዓይነት ከሌላው ካርድ ጋር የሚገናኝ ከሆነ አይቻልም። ሻጮች ስለ መቶኛው ይነግሩናል፤ ስለ ማረጋገጫው ወጪ የሚናገር ሻጭ ግን ብዙም አይገኝም።

ጉዳዩን ድሬዳዋ ከምታውቀው ትኩሳት በላይ የሚያስረዳ የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተረጋገጠ የዴንጊ ወረርሽኝ የተከሰተው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቺኩንጉንያ መጣ፤ በዚያ ክረምት መገጣጠሚያው ያልታመመ ሰው ያለበት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ከጀርባውም ከእስያ የመጣችው፣ በከተማ በርሜልና የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ እንዳለችበት ተመራማሪዎች አረጋገጡ። ይህች ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነበር።

አሁን አንድ ሰው የእነዚህን ዓመታት ሪፖርቶች ሰብስቦ «ታማሚ» በሚለው ዓምድ ላይ የአሥር ዓመት መስመር ሊስል ይነሣል። ማሽኑ ዓምዶቹን ያለምንም ችግር ያመሳስልለታል፤ ቃሉ አንድ ነው። ግን በቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ጊዜ ጥቂት ናሙናዎች በላቦራቶሪ ከተረጋገጡ በኋላ፣ ድንገተኛ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞት የመጣ ሁሉ በምልክቱ ይቆጠራል። የወባ ታማሚ ደግሞ በአብዛኛው በጣት ደም ተመርምሮ ነው የሚመዘገብ። አንደኛው ቁጥር ተጠርጣሪ፣ ሌላው የተረጋገጠ ነው። ዴንጊና ቺኩንጉንያ በምልክት ስለሚመሳሰሉ በተጠርጣሪዎቹ ውስጥ የማን ስንት እንደሆነ አይለይም። በዚህ ላይ የሚሳለው መስመር ሽቅብ ቢወጣም ቁልቁል ቢወርድም የሚያወራው ስለ ቆጠራ ደንቡ ነው።

ሌላው የድሬ ጣጣ ጂኦግራፊ ነው። ድል ጮራ ሆስፒታል የሚታከመው የድሬ ነዋሪ ብቻ አይደለም፤ ከሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎች ሰው ይመጣል። በታከመበት ቦታ ከተቆጠረ በሽታው የድሬ ነው፣ በሚኖርበት ከተቆጠረ የሌላ። ክትባትም እንዲሁ፤ ሽፋኑ የሚሰላው የተከተቡትን ቁጥር መከተብ ለሚገባቸው ነዋሪዎች ቁጥር በማካፈል ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደ በመሆኑ ማካፈያው ከዚያ የተነሣ ትንበያ ነው፤ አካፋዩና ተካፋዩ ስለ ተለያየ ሕዝብ ሲያወሩ ሽፋኑ ከ100 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ አለቃው ጤና ባለሙያዋን ይቆጣል። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ ፎርሙ «የት ትኖራለህ» የሚለውን ከ«የት ታከምህ» ለይቶ አልጠየቃትም፣ ወይም ጠይቆ ሪፖርቱ ላይ ጥሎታል።

የጤና ሚኒስቴር ብሔራዊ የጤና መረጃ መዝገበ ቃላትና የተቋማት ዋና መዝገብ ማደራጀቱ በዚህ ረገድ ትክክለኛ አካሄድ ነው። ለእያንዳንዱ ተቋም አንድ መለያ፣ ለእያንዳንዱ አመላካች የተጻፈ ፍቺ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለሪባን መቁረጫም አይመችም።

ትርጉሙ ከአገር ሲወጣ ደግሞ ገንዘብ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ተደጋግሞ ቢራዘምም፣ ቡና ወደ ገበያው የሚያስገባ ነጋዴ ቡናው የበቀለበትን መሬት መገኛ ነጥብ እንዲያቀርብ፣ መሬቱም ከዲሴምበር 31፣ 2020 በኋላ ከደን ያልተመነጠረ መሆኑን እንዲያሳይ ያስገድዳል። ደን ማለት ምን ማለት ነው? ለኅብረቱ ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚያድጉ ዛፎች ያሉበት፣ ከ10 በመቶ በላይ በዛፍ ጥላ የተሸፈነና ለእርሻ ያልዋለ መሬት ነው። ኢትዮጵያ ለራሷ የደን ቆጠራ የያዘችው ግን ግማሽ ሄክታር፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ ሽፋን ነው። ስለዚህ 3 ሜትር ደርሶ የሚቆም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ እኛ ዘንድ ደን ሲሆን እነሱ ዘንድ አይደለም። ረጃጅም ዛፎች ተራርቀው የቆሙበት፣ ሽፋኑ 12 በመቶ የሆነ ቦታ ደግሞ እነሱ ዘንድ ደን፣ እኛ ዘንድ ያልሆነ ነው።

«ሐረር» የሚለው ስም ራሱ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ይፈተናል። በቡና ንግድ ሐረር የጣዕምና የደረጃ ስም ነው፤ ኢትዮጵያ በንግድ ምልክትነት ልታስጠብቃቸው ከተነሣችባቸው ስሞችም አንዱ ነው። ቡናው ግን በአብዛኛው የሚበቅለው በኦሮሚያ ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌ እንጂ በትንሿ ሐረሪ ክልል አይደለም። የገዢው ሶፍትዌር «መገኛ፦ ሐረር» የሚለውን አይቶ ካርታው ላይ ሐረር ከተማን ቢጠቁም፣ የሺዎች ገበሬዎች ቡና በጁገል ግንብ ዙሪያ በቀለ ማለት ይሆናል። ይህን የሚያስተካክል የማመሳሰያ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ የጣዕም ስም በአንድ በኩል፣ ወረዳና ቀበሌ በሌላ በኩል፣ የመሬቱ ነጥብ በሦስተኛ። ረቂቁን ማሽን ያወጣዋል። የሚያጸድቀው ግን ሐረርጌን የሚያውቅና ስሕተቱ የሚጠየቅበት አካል መሆን አለበት። እኛ ካላዘጋጀነው የገዢው ሶፍትዌር ያዘጋጅልናል፤ የሱ ግምትም በእኛ ቡና ላይ ሕግ ሆኖ ይሠራል።

እንግዲህ ወደፊት ምን እጠብቃለሁ? ሁሉንም የሚገዛ አንድ ፍቺ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም፣ እንዲመጣም አልመኝም። ይልቅ ተስፋ የሚሰጠኝ የዊኪዳታ አሠራር ነው፤ ቀንን በሁለት አቆጣጠር ብቻ መያዙን ብተችም፣ ሌላ ብልሃት አለው። የአንድ ከተማ የሕዝብ ብዛት በሦስት ምንጮች ሦስት ከሆነ ሦስቱንም ከነምንጩና ከነዓመቱ ያስቀምጣል፤ ተጠቃሚው ለጉዳዩ የሚስማማውን ይመርጣል። የገንደ ቆሬው ግቢም እንዲህ ቢመዘገብ ግለሰቦቹ አንዴ ይጻፋሉ፤ ማን ከማን ጋር ያበስላል፣ ማን በማን መድን ይሸፈናል፣ ማን በማን ድጋፍ ይኖራል የሚሉት ግንኙነቶች ለየብቻ ይያዛሉ። መድኑም፣ ሴፍቲኔቱም፣ ቆጣሪውም የየራሱን «ቤተሰብ» ከዚያው ያወጣል። ጠብ አይኖርም፤ ማንም የራሱን ፍቺ አልተወምና።

ቴክኒኩ ዛሬም አለ። የሚያዘገየው መዝጋቢው ሦስት ጥያቄ መጨመር ስላለበት ነው፣ ለሦስት ጥያቄ ደግሞ በጀት ስለሚያስፈልግ። እኔ ለከተማዋ የመረጃ ገንዘብ አዛዥ ብሆን ከአዲስ ሞዴል በፊት ፎርሞቹን አስተካክል ነበር፤ በቀን ሳጥን አጠገብ የአቆጣጠሩ ዓይነት፣ በታማሚ ቁጥር አጠገብ ተጠርጣሪ ወይም የተረጋገጠ፣ በአድራሻ ላይ መኖሪያና መታከሚያ ለየብቻ። ሁሉም ባዶ ወረቀት ላይ ሊታተም የሚችል ነገር ነው። ድሬዳዋና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ የኮምፒውተር ተማሪዎችን ያስመርቃሉ፤ የመመረቂያ ሥራቸው ሌላ የሆቴል ማስያዣ ሲስተም ከሚሆን፣ የሁለት ቢሮዎችን ፍቺ አንድ በአንድ የሚያነጻጽር የማመሳሰያ ሠንጠረዥ ቢሆን ከተማዋ በሁለት ዓመት ሌላ መልክ ይኖራታል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ከወዲሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሴፍቲኔትን ፋይል ከሆስፒታል ፋይል ጋር ያለ ስሕተት ማገናኘት ከተቻለ፣ ከተገናኘው ውስጥ ማንም ያልሰጠው አዲስ መረጃ ይወለዳል፤ ድሃ የሆነውና በምን እንደታመመ ያልተናገረው ሰው በአንድ መስመር ላይ ይቀመጣል። ፋይሎቹ አለመግባባታቸው እስከ ዛሬ ሳይታሰብ ይህን ሰው ጋርዶት ኖሯል። ግርዶሹ ሲነሣ በምን እንደሚተካ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ለቢሮዎች ሶፍትዌር ግዢ ኮሚቴዎች ደግሞ አንድ ተግባራዊ ነገር ልተው። የሚቀጥለው ሥርዓት ሲቀርብላችሁ ኢንኮደሯ ፊት ለፊት የሚወጣውን ገጽ አሳዩን በሉ። «እነዚህ ሁለት መዝገቦች አንድ ናቸው፤ ይስማማሉ?» ብሎ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ካቀረበላት አትግዙት። ሰዓቷ እየሄደ፣ ወረፋው እየረዘመ «አዎ» ትጫናለች፤ እናንተም ብትሆኑ ትጫናላችሁ። «አላውቅም» የሚል ሦስተኛ አማራጭ ይኑር። እሱን ስትጫን ጉዳዩ በስም ለሚታወቅ አንድ ሰው ይተላለፍ፤ ያ ሰው የሰጠው ውሳኔ ከነምክንያቱና ከነቀኑ ይመዝገብ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጭምር።